ከግቢው አጥር ወዲያ፦ ዩኒቨርሲቲ ለአጎራባች ቀበሌ ንጹሕና ርካሽ ኃይል የሚያደርስበት ዝርዝር መመሪያ

በማኅበረሰብ አገልግሎት ስም የተሠሩ ብዙ የኃይል ፕሮጀክቶች አሟሟታቸው ይመሳሰላል። ሶላሩ ይተከላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፤ በዓመቱ ጤና ኬላው ተመልሶ በሞባይል መብራት ሕሙማን ሲያይ ይገኛል። ሲጣራ ምክንያቱ አንድ የተቃጠለ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ነው። ፊውዙ ርካሽ ነው፤ ፊውዙን የመተካት ሥራ ግን የማንም ሆኖ አልተመደበም።

ዕቃ ለማደል ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም፤ ረድኤት ድርጅትም ነጋዴም ያውቁበታል። ዩኒቨርሲቲ በእጁ ያለው ሌላ ነው፦ ሚዛንና መለኪያ አለው፣ በየዓመቱ የሚታደስ የተማሪ ጉልበት አለው፣ ግቢውም ነቅሎ አይሄድም። የማኅበረሰብ አገልግሎት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጎን የተቀመጠ ተግባር ስለሆነ ችሮታ ተደርጎ መታየትም የለበትም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር (ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ፣ ከእበት የሚወጣው ጋዝ ማለትም ባዮጋዝ፣ የጤና ኬላ ሶላርና የእነዚህ ጥገና) በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ለሚገኝ፣ መብራት በከፊል ብቻ ለደረሰው የገጠር ቀበሌ የሚስማማ ነው።

ወረቀቱና የቀን መቁጠሪያው

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀበሌ ብቻ ያዙ። ከግቢው በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ የሚርቅ ከሆነ ተዉት፤ ለጥገና የሚወጣው የነዳጅና የውሎ አበል ወጪ ፕሮጀክቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስምምነቱን ከቀበሌው ጋር ብቻ አትፈራረሙ። የምድጃውና የባዮጋዙ ሥራ ከወረዳው ውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ጋር፣ የጤና ኬላው ሶላር ደግሞ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ይታሰር።

ዕቃው ሲገባ ወረዳው በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ያድርገው። ይህ የቢሮ ወግ ይመስላል፣ ግን ትልቁ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው፦ በንብረትነት ያልተመዘገበ ባትሪ በሚቀጥለው ዓመት የጥገና በጀት ሊጠየቅለት አይችልም። “የዩኒቨርሲቲው ነው” የተባለ ዕቃ ሲበላሽ ሁሉም እጁን ያጥፋል።

የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ ግዥ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የዕቃ ዝርዝር መግለጫውን በሐምሌና በነሐሴ፣ ተማሪ በሌለበት ጊዜ ጻፉ። የግዥ ጥያቄው መስከረም ላይ ይግባ፤ የመጀመሪያው የማገዶ ልኬት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ተከላው ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሁለተኛው ልኬት ሚያዝያ ላይ ይሁን። የበልግ ዝናብ የሚያገኝ አካባቢ ከሆነ ሁለተኛውን ልኬት ወደ መጋቢት መጀመሪያ ሳቡት፤ እርጥብ እንጨት ቁጥሩን ያዛባዋል።

መጀመሪያ እንጨቱ ይመዘን

“ምን ያህል እንጨት ትጠቀማላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም። ሸክም ይነግሯችኋል፤ የአንዷ ሸክም 15 ኪሎ፣ የሌላዋ 30 ሊሆን ይችላል። መመዘን ነው ያለባችሁ። ለዚህ የሚያስፈልጉት እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ሁለት ሹል ያለው የእንጨት እርጥበት መለኪያ፣ ማዳበሪያ ከረጢትና ገመድ ናቸው።

40 ቤቶች ምረጡ። 30 ቢበቃም መሀል ላይ የሚያቋርጡ፣ ለቅሶ የሚገጥማቸው፣ እንግዳ የሚበዛባቸው አይጠፉም። በእያንዳንዱ ቤት ለሳምንቱ ከሚያስፈልገው በላይ እንጨት ለብቻው ይከመርና ይመዘን፤ ቤተሰቡ ከዚያ ክምር ብቻ ይጠቀም። ተማሪው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የቀረውን ይመዝናል። እንጨት፣ ኩበትና ከሰል ለየብቻ ይጻፉ፤ በአንድ ኪሎ የሚሰጡት ሙቀት ስለሚለያይ አይደመሩም።

ከውጭ የመጡ የልኬት ቅጾች ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን ይበቃል ይላሉ። በእኛ አገር አይበቃም። እንጀራ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስለሚጋገር የሦስት ቀን ልኬት በአንዱ ቤት ሁለት የጋገራ ቀን፣ በሌላው ምንም ላያገኝ ይችላል። ሙሉ ሰባት ቀን መዝኑ። ሁለተኛው ልኬትም ረቡዕና ዓርብን በያዘ ሙሉ ሳምንት ላይ ይሁን። የመጀመሪያው በፍስክ፣ ሁለተኛው በዐቢይ ጾም ከዋለ የወጡ ማብሰያ ጊዜ ይለወጥና የምድጃው ቁጠባ የትኛው፣ የጾሙ የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታል። የበዓልና የድግስ ሳምንትን ጨርሶ ዝለሉ።

ቤተሰብ ከቤተሰብ ለማነጻጸር የሰውን ቁጥር ወደ አንድ መለኪያ አምጡት። በተለመደው አሠራር ከ15 እስከ 59 ዓመት ያለ ወንድ 1፣ ከ14 ዓመት በላይ የሆነች ሴት 0.8፣ ከ59 ዓመት በላይ የሆነ ወንድ 0.8፣ እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ 0.5 ተብሎ ይቆጠራል። ውጤቱም “በአንድ ሰው በቀን ይህን ያህል ኪሎ” ተብሎ ይጻፋል።

በዚያው ሳምንት የእያንዳንዱን ቤት ምጣድ ስፋት በሜትር ለኩ። ለምን እንደሆነ ወዲያው ይታያል።

የእንጀራው ምድጃ

በገጠር ቤት ትልቁን እንጨት የሚበላው የእንጀራ ጋገራ ነው። ስለዚህ ከዚህ ያልጀመረ የኃይል ፕሮጀክት ጫፍ ጫፉን ነው የሚነካው። ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚሠራው “ምርጥ” ምድጃ በአገር ውስጥ የተፈለሰፈ፣ በሰፊው የተሞከረ ነው፤ በአግባቡ ሲሠራ ከሦስት ጉልቻ አንጻር የጋገራውን እንጨት እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ስድስት ክፍል አለው፦ አራቱ ገጥመው ምጣዱ የሚቀመጥበትን ክብ ግድግዳ ይሠራሉ፤ ሁለቱ ጢሱ በሚወጣበት በኩል ተደርገው የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ።

የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ምድጃ አምርቶ ማደል መሆን የለበትም። የመካኒካል ወርክሾፑ ቅርጽ ማውጫውን (ሞልዱን) ከላሜራ ይሥራ፣ የሲቪል ቤተ ሙከራው ድብልቁን ይፈትሽ፣ ምርቱን ግን በቀበሌው የተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች ይያዙት። ሞልዱን በነፃ ብትሰጡ ችግር የለውም። ምድጃውን በነፃ ከሰጣችሁ ግን የአምራቾቹን ገበያ በገዛ እጃችሁ ገደላችሁ፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚገዛ አይገኝም፣ ሁሉም የነፃውን ይጠብቃል።

ጠጠሩ ለመንገድና ለብሎኬት የሚውለው ቀዩ ሬድ አሽ ወይም ነጩ ፑሚስ ሊሆን ይችላል። በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፉት፤ አፈር ከበዛበት እጠቡት። ለሙከራ በመጠን 1 ባልዲ ሲሚንቶ ለ3፣ ለ4 እና ለ5 ባልዲ ጠጠር አድርጋችሁ ሦስት ዓይነት ናሙና አዘጋጁ። ውኃው በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ የማይንጠባጠብ ይሁን። ከሞልዱ የወጣው ክፍል በጥላ ሥር፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ እየጠጣ ቢያንስ 7 ቀን ይቆይ፤ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ሳይቸኩል ይድረቅ። አምራቾች ገንዘብ ለመያዝ በሦስተኛው ቀን መሸጥ ይቀናቸዋል። እንዲህ ያለው ምድጃ በመጀመሪያው ብርቱ እሳት ይሰነጠቃል፤ ወሬውም ከምድጃው ቀድሞ መንደር ያዳርሳል።

ሁለተኛው የተለመደ ብልሽት የምጣድ ልክ ነው። ሸክላ ሠሪዎች በስታንዳርድ አይሠሩም፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ 54፣ 58 እና 62 ሴንቲ ሜትር ምጣድ ልታገኙ ትችላላችሁ። ምጣዱ ከግድግዳው ከጠበበ ነበልባሉ በዳር ይወጣል፣ ጢስ ይበዛል፣ ቁጠባው ይጠፋል። በልኬቱ ሳምንት የወሰዳችሁት ስፋት እዚህ ይጠቅማል፦ የሚበዛውን ልክ አይታችሁ ሞልዱን በአንድ ወይም በሁለት መጠን አሠሩ። ምድጃው ሲተከል በምጣዱና በግድግዳው መካከል የቀረውን ክፍተት በጭቃ ድፈኑት። የእንጨት ማስገቢያውን በር ደግሞ አስፍታችሁ አትሥሩት። “ትልቅ እንጨት አላስገባ አለን” የሚል ቅሬታ ይመጣል፤ መልሱ በሩን ማስፋት ሳይሆን እንጨቱን ፈልጦ ማቅጠን ነው።

የተሠራው ሁሉ ቤተ ሙከራ ይለፍ። ለእንጀራ የሚሆነው የጋገራ ፈተና እንዲህ ይካሄዳል። አንድ ሊጥ፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ ዓይነት ደረቅ ባሕር ዛፍ ይዘጋጅ። ሦስት ልምድ ያላቸው ጋጋሪዎች በሦስት ጉልቻና በአዲሱ ምድጃ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ 25 እንጀራ ይጋግሩ። መነሻው እንጨት ይመዘናል፤ ጋገራው ሲያበቃ የቀረው እንጨትና የተረፈው ፍም በየራሱ ይመዘናል። ስሌቱ፦

ደረቅ እንጨት = ያለቀ እንጨት × (1 − 1.12 × እርጥበት) − 1.5 × የተረፈ ከሰል

ለምሳሌ እርጥበቱ 15 በመቶ የሆነ 6 ኪሎ እንጨት አልቆ 0.4 ኪሎ ከሰል ቢተርፍ፣ 6 × 0.832 = 4.99፤ ከዚያ 0.6 ሲቀነስ 4.39 ኪሎ ይሆናል። 25ቱ እንጀራ 10 ኪሎ ከመዘኑ ውጤቱ በ1 ኪሎ እንጀራ 439 ግራም ደረቅ እንጨት ነው። ይህን ቁጥር ከሦስት ጉልቻው ቁጥር ጋር አወዳድሩ። ጋጋሪዎቹንም ጠይቁ፦ ዓይኑ እኩል ወጣ? ዳሩ ቀረ? እንጨት ቆጥቦ ዓይን የሌለው እንጀራ የሚያወጣ ምድጃ ማንም ቤት አይቆይም። ተመራማሪ ይህን በሠንጠረዥ ላይ አያገኘውም።

መብራት ለገባበት መንደር

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከጢስ ይገላግላል፣ ግን 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ስለሚስብ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። በመብራት መስመር፣ በ1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚጋግር ቤት በእሳት እየተጫወተ ነው። የራሱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመርና የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ያስፈልገዋል። የኤሌክትሪካል ተማሪዎች የቤት መስመር ፍተሻ ቢያካሂዱ ከብዙ ሶላር ልገሳ ይበልጣል።

ትራንስፎርመሩንም አስቡ። 50 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር ሌላ ጭነት ባይኖርበት እንኳ በአንድ ጊዜ 14 ምጣድ ገደማ ነው የሚሸከመው። መንደሩ በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ከጋገረ ፊውዙ መቃጠሉ አይቀርም። ተማሪዎቹ ለአንድ ሳምንት ጭነቱን በየሰዓቱ መዝግበው የጋገራ ተራ ቢያወጡ፣ ተራውንም በእድር በኩል ቢያስማሙ፣ ገንዘብ ሳይወጣ ብዙ መቆራረጥ ይቀራል።

ባዮጋዝ፦ ለሁሉም አይደለም

በአገራችን በብዛት የተሠራው “ስንዱ” የሚባለው ከመሬት በታች የሚቀበር ባለ ጉልላት ሞዴል ነው። ባለ 6 ሜትር ኩብ የሆነው በየቀኑ 36 ኪሎ ያህል እበትና እኩል ውኃ ይፈልጋል፤ በምላሹ ለአንድ ምድጃ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ የሚበቃ ጋዝ ይሰጣል። ስለዚህ ቤት ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ፦ ሌሊት በረት የሚያድሩ ቢያንስ 4 ከብቶች፣ ደርሶ መልስ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ የውኃ ቦታ፣ እበቱን በየማለዳው የሚያቦካ ሰው። በሰነድ ላይ የማይጻፈው ሦስተኛው ነው። ሥራው በልጆች ላይ ከወደቀ ትምህርት ሲከፈት ጋዙ ይቆማል።

ጉልላቱ ሲጠናቀቅ ልስኑ በተደራራቢ ሽፋን ይለሰን፤ አብዛኛው የጋዝ መጥፋት ከጉልላቱ ስንጥቅና ከቧንቧ መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ክብሪት ጭራችሁ ማፍሰሱን ለማወቅ አትሞክሩ። የመጀመሪያው ሙሌት ከ2 ቶን በላይ እበት ስለሚፈልግ ቤተሰቡ ግንባታው ሲጀመር ማጠራቀም ይጀምር። የመጀመሪያው ጋዝ አየር የተቀላቀለበት ነው፤ ሳይለኮስ ወደ ውጭ ይለቀቅ። ቧንቧው ዝቅ በሚልበት ቦታ ውኃ ማጠራቀሚያ ካልተደረገ ነበልባሉ እየዘለለ ይጠፋል፤ ሰዎች ጋዙ አለቀ ብለው ይተዉታል።

ለገበሬው በግልጽ ንገሩት፦ የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ወጥና ቡና ያፈላል፣ እንጀራ አይጋግርም። ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ወር ተታለልኩ ይላል። የሚያረካው ብዙ ጊዜ ባዮስላሪው፣ ማለትም ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ ማዳበሪያ ነው፤ ጎመኑ ላይ ያፈሰሰ ሰው ለጎረቤት ራሱ ያስተዋውቃል።

በራሱ በግቢው የተማሪዎች ምግብ ቤት ትርፍራፊ ባዮጋዝ ለመሥራት ካሰባችሁ ትርፍራፊውን ብቻውን አታስገቡ። ምግብ ፈጥኖ አሲድ ይሆናል፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ6.5 ከወረደ ጋዝ አምጪዎቹ ተሕዋስያን ይዳከማሉ። በእበት ጀምሩ፣ ትርፍራፊውን በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ጨምሩ፣ ፒኤቹ ሲወርድ ምግቡን አቁማችሁ በእበት ብቻ ቀጥሉ።

የጤና ኬላው ሶላር

ከጭነቱ ተነሡ፣ ከፓኔሉ አይደለም። አንድ ትንሽ ጤና ኬላ እንዲህ ሊቆጠር ይችላል፦ 5 ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ለ6 ሰዓት 210 ዋት ሰዓት፤ የውጭ መብራት 10 ዋት ለ11 ሰዓት 110፤ ታብሌት 60፤ ስልኮች 40። ድምሩ 420 ዋት ሰዓት ነው። የክትባት ፍሪጅ የራሱ ሶላር ካለው አትንኩት፤ ከፓኔሉ ሌላ ሽቦ አትሳቡ።

ለብክነት በ0.7 ስናካፍል 600 ዋት ሰዓት ይሆናል። ዓመታዊውን አማካይ ትታችሁ በሐምሌና በነሐሴ ደመና አስሉ፤ በቀን 4.5 የፀሐይ ሰዓት (ፓኔሉ በሙሉ አቅሙ እንደሠራ የሚቆጠርበት ሰዓት) ብንይዝ 133 ዋት ይወጣል። ሁለት ባለ 100 ዋት ፓኔል በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ግጠሙ። ባትሪው ለሁለት ደመናማ ቀን 840 ዋት ሰዓት መያዝ አለበት፦ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት፣ ጄል ከሆነ ከግማሽ በታች መውረድ ስለሌለበት ባለ 12 ቮልት 150 አምፔር ሰዓት። የባትሪውን መሙላትና መውረድ የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር 20 አምፔር ይሁን፤ ከተመረጠው ባትሪ ዓይነት ጋር መስተካከሉን አረጋግጡ።

ከፓኔል እስከ ኮንትሮለር 10 ሜትር ካለ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 12 አምፔር ሲያልፍ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር 0.7 ብቻ ነው። የዕቃ መግለጫው ላይ “ኬብል” ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ አቅራቢው ቀጭኑን ያመጣል፤ ውፍረቱን በቁጥር ጻፉ።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያጋድል፤ ዝናቡ አቧራውን ያጥብለታል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቀመጥ። ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ፣ በመጨረሻ ጭነቱ ከኮንትሮለሩ ጋር ይያያዝ፤ ሲነቀል በተቃራኒው።

ብልሽቱ ከሰው ነው የሚጀምረው። መብራቱ ማታ ሲጠፋ አንድ ብልህ ነኝ ባይ ኮንትሮለሩን ዘልሎ አምፖሉን በቀጥታ ከባትሪው ያገናኘዋል፤ ያን ዕለት ይበራል፣ ጄሉ ባትሪ ግን እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ በወራት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ባትሪውና ኮንትሮለሩ አየር በሚያገኝ፣ በሚቆለፍ ሳጥን ይግቡ። ስልክ ለመሙላት የሚመጣውን ሕዝብም አትከልክሉት፤ አይቆምም። ለብቻው 50 ዋት ፓኔልና ትንሽ ባትሪ ስጡት።

የገበያ ቀን ፍተሻ

ይህ ርካሹ አገልግሎት ነው። በወር አንድ የገበያ ቀን ሁለት ተማሪዎች መልቲሜትር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መለኪያና የርዝመት ሜትር ይዘው ይቀመጡ፤ ሰው የገዛውን ወይም ሊገዛ ያሰበውን ፓኔል ያምጣ። “100 ዋት” የሚል ጽሑፍ ያለበት 60 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓኔል ካያችሁ መለኪያም አያስፈልግም፤ 0.3 ካሬ ሜትር በጥሩ ሴል እንኳ 66 ዋት ገደማ ነው የሚሰጠው። ሌላውን በጠራ ሰማይ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱን ጫፍ በመልቲሜትሩ የ10 አምፔር መስመር አገናኙ፦ እውነተኛ ባለ 12 ቮልት 100 ዋት ፓኔል ወደ 6 አምፔር ይሰጣል። 3 ካሳየ ግማሹ ዋጋ ለጽሑፉ ነው የተከፈለው። ነጋዴውን በአደባባይ አታዋርዱት። ውጤቱን ለገዥው ብቻ ንገሩ፤ ነጋዴውም ዕቃ ሲያስመጣ ናሙና እንዲያስፈትሽ ጋብዙት።

የጥገናው ክፍል

ለአንድ ቀበሌ የሚበቃ መለዋወጫ በአንድ ሳጥን ይገባል፦ 20 ፊውዝ፣ 2 ኮንትሮለር፣ 10 አምፖል፣ 10 ጥንድ የፓኔል ማገናኛ፣ 50 ሜትር ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል፣ የባዮጋዝ ቧንቧ ቫልቭና ጎማ፣ አንድ የምድጃ ሞልድ። ሳጥኑ በግቢው ወርክሾፕ ይቀመጥ፤ ግን 5 ፊውዝና አንድ ርካሽ መልቲሜትር ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ይደሩ። ከእርሷ የሚጠበቀው በየሰኞው ጠዋት፣ ፀሐይ ፓኔሉ ላይ ሳታርፍና ምንም ሳይበራ፣ የባትሪውን ቮልቴጅ መጻፍ ብቻ ነው። ጄል ባትሪ 12.7 ከሆነ ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ ነው፤ ሁለት ሳምንት ተከታታይ ከ12 በታች ካነበበች ትደውል። ሊቲየሙ ላይ ይህ ንባብ አያስተማምንም፤ ቮልቴጁ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ስለማይወርድ የባትሪውን የራሱን ማሳያ ትጻፍ።

የምትደውልበት ስልክ የአንድ መምህር የግል ስልክ አይሁን። መምህሩ ለዶክትሬት ሲሄድ ፕሮጀክቱም አብሮ ይሄዳል። የወርክሾፑ ስልክ ይሁን፤ ተረኛው ቴክኒሻን በሥራ ዝርዝሩ ላይ “ከቀበሌ የመጣ ጥሪን በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ” የሚል መስመር ይግባለት፣ በዓመቱ የሥራ አፈጻጸምም ይመዘንበት። የአምስተኛ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት የሰኞዎቹን ቁጥሮች ሰብስቦ የትኛው ባትሪ መቼ እንደሚያልቅ መተንበይ ሊሆን ይችላል። ያን ትንበያ ወረዳው ጥር ላይ፣ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲያዘጋጅ ካገኘው የባትሪው መግዣ በዕቅዱ ይገባል፤ ሚያዝያ ላይ ካገኘው ግን ሌላ ዓመት ይጠብቃል።